ባለቤቱ የረሳው መረብ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ይህችን ተረት ያልተናገረ አፍ፣ ያልሰማ ጆሮ መቼም ያለ አይመስለኝም። ቂም ስንቋጥር እንጠቅሳታለን፤ ቂም የቋጠረብንን ሰው ልብ ለመረዳት ስንሞክርም እሷኑ እንጠራለን። ልብ ካላችኋት ግን ተረቷ የቆመችው በአንድ እምነት ላይ ነው። በደል በተፈጸመ ቁጥር ቢያንስ አንድ የሚያስታውስ ይኖራል የሚል እምነት። ወጊው ቢረሳ ተወጊው አለ። እሺ፣ ሁለቱም የማያውቁት በደል ሲኖርስ? የወጋው መውጋቱን ሳያውቅ፣ የተወጋውም ማን እንደወጋው ሳያውቅ፣ ጦሩ ግን ብቻውን መውጋቱን ቢቀጥልስ? ያን ጊዜ ዕዳው የማን ነው?

ነገሩ የፍልስፍና ተማሪዎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዛሬም እየሆነ ያለ ነገር ነው። አንድ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ማዕበል ይመታዋል እንበል። ወይም መረቡ ከውኃው በታች ካለ አለት ጋር ተያይዞ ይቀደዳል። ወይም ደግሞ መረቡ አርጅቷል፤ ወደ ወደብ መልሶ ለመውሰድ ቦታ ይይዛል፣ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ሰው በማያይበት ቆርጦ መጣል ይቀላል። ባለቤቱ ትንሽ ይራገማል፣ ቤቱ ይገባል፣ ሌላ መረብ ይገዛል፣ ይረሳል። መረቡ ግን ሥራውን አይረሳም። የተሠራው ለማጥመድ ነውና ማጥመዱን ይቀጥላል። ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው፣ ዕረፍት የለው። ባሕርተኞቹ ይህን ዓይነቱን «የሙት መንፈስ መረብ» ይሉታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መረብ የሚሠራው ከጥጥ፣ ከተልባ እግርና ከቃጫ ነበር። የጠፋ መረብ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ባለቤቱ ሲረሳው መረቡም ራሱን ይረሳ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይለንና ወንድሞቹ ባሕሩን ወረሱት። ቀላል፣ ጠንካራ፣ የማይበሰብስ። አጥማጁ የወደደው እነዚህን ሦስት ጠባዮች ነው፤ ባሕሩም የተጎዳው በነዚሁ በሦስቱ ነው። የሰው ልጅ የመርሳት ችሎታ እንደ ጥንቱ ሆኖ ቀረ፤ የሚሠራው ዕቃ ዕድሜ ግን ከልጅ ልጆቹ ዕድሜ በለጠ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተወጊዋ እንምጣ። ተንሳፋፊው መረብ ጥላ ይሆናል። ጥላው ሥር ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ። የባሕር ኤሊዋ ምግብም ማረፊያም ያገኘች መስሏት ትጠጋለች። የኛዋ የየብስ ኤሊ ነገር ሲከፋ አንገቷንም እግሯንም ወደ ድንጋይ ልብሷ ታስገባለች። የባሕሯ ግን ይህን አልታደለችም፤ መቅዘፊያ እግሮቿና አንገቷ ሁልጊዜ ውጭ ናቸው። አንዱ እግር መረቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ለመውጣት ትዞራለች፤ በዞረች ቁጥር ይጠመጠማል። የምትተነፍሰው ደግሞ እንደኛው በሳንባ ነው። ዕረፍት ላይ ስትሆን ውኃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ትችላለች፤ ስትታገል ግን አየሯ ቶሎ ያልቃል። ወደ ላይ መውጣት ካቃታት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ውስጥ የኖረችው ፍጡር ሰጥማ ትሞታለች። ከውኃው ፊት ላይ የተያዘችው ደግሞ ቶሎ አትሞትም። ገመዱ ቆዳዋን፣ ከዚያም ሥጋዋን አልፎ አጥንት እስኪደርስ ትቆያለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2018 በሜክሲኮ ኦአካካ ግዛት ባሕር ላይ ወደ 300 የሚጠጉ የባሕር ኤሊዎች ሞተው ተገኝተዋል። በአንድ መረብ ውስጥ!

ለጥያቄያችን ዋናዋ ምስክር ግን ማልዲቭስ ናት። ወደ 1,200 ገደማ ትናንሽ ደሴቶች ያሏት ይህች አገር ቱና የምታጠምደው ከጥንት ጀምሮ በዘንግና በመንጠቆ ነው። አጥማጁ ጀልባው ኋላ ላይ ይቆምና ዓሣውን አንድ በአንድ እየሳበ ያወጣል። ለመሳቢያ የሚሆኑ ትናንሽ ዓሦችን ከመያዝ በቀር በመረብ ማጥመድ የአገሩ ልማድ አይደለም። ሆኖም መረብ ተጠምጥሞባቸው የሚገኙ ኤሊዎች በደሴቶቹ ዙሪያ አይጠፉም። አብዛኞቹ ኦሊቭ ሪድሊ የተባለው ዝርያ ናቸው። መረቡ ከየት መጣ? ከሌላ አገር፣ ከሌላ ባሕር፣ የክረምቱ ነፋስና ሞገድ እያመላለሰው። በጥፋቱ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ደጃፍ ላይ ጥፋቱ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሊቭ ሪድሊ ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ተቋቋመ፤ በ2017 ደግሞ ባአ በተባለው የደሴቶች ክምችት ውስጥ የኤሊዎች ማከሚያ ከፈተ።

ማዳኑም እንዲሁ ቢላዋ ይዞ ዘሎ መግባት እንዳይመስላችሁ። የተጠመጠመውን ገመድ መጎተት አይፈቀድም፤ ተቆርጦ ይነሣል እንጂ። ከአፏ ወይም ከኋላዋ የወጣ ክር ከታየ ፈጽሞ አይነካም፤ ሌላው ጫፍ አንጀቷ ላይ ተጠምጥሞ ይሆናልና የጎተተው ሰው ይገድላታል። ገመዱ ከተቆረጠላት በኋላም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም መጥለቅ አቅቷት የምትንሳፈፍ ከሆነ፣ ወደ ባሕር መመለስ ደግነት አይደለም። ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍና ወደ ሐኪም ትወሰዳለች። እግር የሚቆረጥላት አለች፤ ወራት የምትታከም አለች። መረቡስ? እሱም ከባሕር መውጣት አለበት። ኤሊዋን ፈትቶ መረቡን እዚያው የተወ ሰው ለሚቀጥለው ኤሊ ቦታ አስለቀቀ እንጂ ምንም አላደረገም።

እንግዲህ ጥያቄውን እንመልሰው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው የሚሰጠው ምጽዋት ነው ወይስ የሚከፍለው ዕዳ ነው? ምጽዋት ካልነው ምስጋና ይገባዋል፤ ባያደርገውም አይወቀስም። ዕዳ ካልነው ደግሞ «ያልተበደርኩትን?» ብሎ ይጠይቀናል። እውነቱን ነው። መረቡን የጣለው እሱ አይደለም።

የኛ ሰው ደግነትን የሚያስተምርበት አንድ ትልቅ ቃል አለው፤ «ነግ በኔ»። ዛሬ የወደቀውን የማነሣው ነገ ስወድቅ የሚያነሣኝ እንዳላጣ ነው። ውለታ የምንለው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ ደቦውም። ኤሊዋ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ናት። ነገ እኔ ብሰጥም መጥታ አታወጣኝም። ማመስገንም አታውቅበትም፤ ገመዱን የሚቆርጥላትን እጅ ለማምለጥ ትታገላለች፤ ካገኘችም ትነክሳለች። ለሷ አሳሪውም ፈቺውም አንድ ናቸው። «ነግ በኔ» እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ የሚሄድ ሰው በሌላ ምክንያት መሄድ አለበት።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳወራው ቡናውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አለኝ። «ስንት ልጅ ቁርስ ሳይበላ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ዓለም ለኤሊ ሆስፒታል? ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ!»

ወዳጄ የሚናገረው ከባድ ነገር ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ባሕር ላይ ያለው ሰው ገመዱን ሳይቆርጥ ቢያልፍ፣ ያለፈበት ቢላዋ የትኛውን ልጅ ቁርስ ያበላል? ርኅራኄን እንደ ጤፍ ጆንያ እናየዋለን፤ ለአንዱ ከተሰፈረ ለሌላው የሚጎድል። የማየው ግን ሌላ ነው። በሬውን በዱላ የሚቀጠቅጠው ሰው ለሠራተኛው ሲራራ አላየሁም። «መጀመሪያ ሰው ይቅደም» የሚለው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ለመርዳት ሲሮጥ መንገድ ላይ የተያዘ አይደለም። ቁጭ ብሎ ነው የሚናገረው።

ይሁንና የወዳጄ ነገር እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። የኤሊዋ ሕይወትና የድሃ አጥማጅ እንጀራ በእርግጥ የሚጋጩበት። ሽሪምፕ የሚይዙ ጀልባዎች የሚጎትቱት መረብ ኤሊዎችን አብሮ እየጠረገ ያሰምጣቸው ነበር። መፍትሔው መረቡ ውስጥ የሚገባ ፍርግርግ ነው፤ ሽሪምፑ በፍርግርጉ ያልፋል፣ ኤሊዋ ገጭታ በተዘጋጀላት ቀዳዳ ትወጣለች። የሚገርመው የፍርግርጉ አባት ከሚባሉት አንዱ የአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት አጥማጅ መሆኑ ነው፤ የሠራውም ለኤሊ ብሎ ሳይሆን መረቡን የሚያጨናንቀውን ጄሊፊሽ ለማስወጣት ነበር። አሜሪካ ይህን በሕግ ማስገደድ ስትጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የቴክሳስና የሉዊዚያና አጥማጆች በጀልባዎቻቸው ወደብ ዘግተው ተቃወሙ። «በቀዳዳው የሚወጣው ኤሊ ብቻ ሳይሆን ሽሪምፓችንም ነው» አሉ። በዚያው ዓመት ደግሞ አሜሪካ ፍርግርግ በማይጠቀሙ አገሮች ሽሪምፕ ላይ በሯን የሚዘጋ ሕግ አወጣች። ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ማሌዢያና ታይላንድ ዓለም ንግድ ድርጅት ዘንድ ከሰሷት።

የ1998ቱ የይግባኝ ውሳኔ፣ ለኔ፣ ከብዙ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ይበልጣል። ኤሊን ለመጠበቅ ሕግ ማውጣት ተገቢ ነው አለ። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው አለ። አሜሪካ ለካሪቢያን አካባቢ አገሮች የሦስት ዓመት ጊዜና የሙያ እርዳታ ስትሰጥ፣ ከሳሾቹን ግን በአራት ወር ውስጥ ተዘጋጁ ብላቸዋለች። ለኤሊዋ የቆመው ሕግ በሰውና በሰው መካከል አዳላ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ አፈጻጸሟን አስተካከለች፤ ማሌዢያ በ2001 እንደገና ብትከራከርም አልተሳካላትም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለእንስሳ መራራት ኃጢአት አይደለም፤ የርኅራኄውን ዋጋ ድሃው ብቻውን እንዲከፍል ማድረግ ግን ነው።

ሌላም ክርክር አለ። «አንዷን ብታድን ምን ይለወጣል?» የሚለው። ይህ ክርክር አንድ ጥሩ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮስታሪካ ባሕር ላይ ተመራማሪዎች ከአንዲት ኤሊ አፍንጫ የፕላስቲክ ስትሮ በጉጠት ሲያወጡ የሚያሳይ ፊልም ዓለምን ዞረ። ደሟ እየፈሰሰ ነበር። ሰው አለቀሰ። ከተሞች ስትሮ አገዱ፣ ትልልቅ ካፌዎች ስትሮ እንተዋለን አሉ። መልካም ነው። ነገር ግን በ2018 የወጣ ጥናት ሰሜን ፓስፊክ ላይ የተከማቸውን ግዙፍ የፕላስቲክ ቆሻሻ ሲመዝን፣ ከክብደቱ ቢያንስ 46 በመቶው የማጥመጃ መረብ ሆኖ አገኘው። ስትሮ መተው ቀላል ነው፤ ብርጭቆውን አንሥቶ መጠጣት ነው። ዓሣው በምን መረብ እንደተያዘ መጠየቅ ግን ያስቸግራል። እንባችን ቀላሉን መርጦ ይፈስሳል።

ታዲያ አንዷን ማዳን ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ፍርግርጉም፣ ሕጉም፣ ጥናቱም የመጣው መጀመሪያ አንድ ሰው አንዲት ኤሊ ላይ ጎንበስ ብሎ «ይህ ገመድ የማን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ቢላዋው አንዷን ያድናል፤ ጥያቄው ሌሎቹን። ቢላዋውን ይዞ ጥያቄውን የተወ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲቆርጥ ይኖራል። ጥያቄውን ይዞ ቢላዋውን የተወው ደግሞ በስብሰባ መካከል የምትሞተውን ኤሊ አያያትም።

እስራኤል ውስጥ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከነታንያና ከሐዴራ መካከል፣ ሚኽሞሬት የምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር አለች። እዚያ ከ1999 ጀምሮ የባሕር ኤሊዎች ማገገሚያ አለ። በ2009 አንድ አረንጓዴ የባሕር ኤሊ በመረብ ተይዞ ቆስሎ ተገኘና ወደዚያ ተወሰደ። ሁለቱም የግራ እግሮቹ ተቆረጡ። በቀኝ እግሮቹ ብቻ ሲቀዝፍ ሰውነቱ ያጋድላል፤ ከገንዳው ግድግዳም ይጋጫል። በኋላ አንድ የዲዛይን ተማሪ ከተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ሐሳብ ወስዶ ጀርባው ላይ የሚታሰር ሰው ሠራሽ ክንፍ ሠራለት፤ አዋዋሉም ተሻሻለ። ወደ ባሕር ግን መመለስ አልቻለም። ስሙን ሆፌሽ አሉት። በዕብራይስጥ «ነጻነት» ማለት ነው።

ገንዳ ውስጥ ለሚኖር እስረኛ «ነጻነት»! ፌዝ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ሐቀኛ ስም ሆኖ አገኘሁት፤ የተወሰደበትን ነገር በስሙ ተሸክሞታል። ካሣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ልጁን የገደሉበት ሰው የተቀበለው ካሣ ልጁን አይመልስለትም። ካሣ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ «በደል ተፈጽሟል፣ አልተረሳም» ይላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ የሚያገኝ ይመስለኛል። ወጊው ረስቷል። ተወጊዋ አታውቅም። የቀረ አንድ ሰው ነው፤ ያየው። ዓይቶ ያላለፈ ሰው የማንንም ጥፋት አይሸከምም፤ የሁለቱንም ማስታወስ ግን ይሸከማል። ዕዳው የሱ አልነበረም፤ ካየ በኋላ ግን «አላየሁም» ማለት አይችልም። ምጽዋትም፣ ብድርም አይደለም። አደራ ነው። አደራ ደግሞ ያልተበደሩትን መመለስ ነው።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በዚህ በኩል የባሕር ኤሊ ዕዳ የለብንም ይባል። ፌስታላችን ግን የትም አልሄደም፤ እዚሁ ነው። ታርዳ ሆዷ ሲከፈት ፌስታል የተገኘባትን ላም ባለሥጋ ቤቶች ያውቋታል፤ የእንስሳት ሐኪሞችም ያውቋታል። ፌስታሉን የጣለው ሰው ያን ቀን የገዛውን ቲማቲም እንኳ አያስታውስም። ከዚህ የከፋም አለ። ጦርነት ካለቀ ከዓመታት በኋላ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚረግጠው ፈንጂ። ቀባሪው አርጅቶ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈንጂው ግን ጦርነቱ ማለቁን የነገረው የለም። የሚያወጣውም የቀበረው አይደለም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን የሚዳስስ ሌላ ሰው ነው።

ሕጉ ለመረቡ ምን ይላል? መረብን ሆን ብሎ ባሕር ላይ መጣል በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ ነው። ችግሩ የተጣለው መረብ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ በ2018 የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት አባል አገሮች አንድ መመሪያ አጸደቁ፤ የማጥመጃ መሣሪያ ሁሉ የባለቤቱን ምልክት ይያዝ የሚል። አስገዳጅ አይደለም፤ ፈቃደኛ የሆነ ይፈጽመዋል። ሐሳቡ ግን ቀላልና ትልቅ ነው። መረቡ ላይ ስምህን ጻፍ።

እናቶቻችን ይህን ያውቁበታል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሰሃን ሲያውሱ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ስማቸውን ይጽፋሉ። መቶ ሰሃን ተደባልቆ ቢታጠብ እንኳ የወይዘሮ እገሌ ወደ ወይዘሮ እገሌ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ ስማችንን የምንጽፈው እንዲመለስልን በምንፈልገው ነገር ላይ ብቻ ነው። እንዳይመለስብን በምንፈልገው ላይ የሚጽፍ የለም። ፌስታል ላይ ስሙን የጻፈ ማን አለ? ፈንጂ ላይስ?

እስከዚያው ድረስ ስም የሌለው መረብ በባሕሩ ላይ ይዞራል። ማልዲቭስ ላይ ደግሞ መረብ የማያውቅ አጥማጅ፣ ቱናውን ሊያጠምድ በወጣበት፣ ጀልባውን አቁሞ የማያውቀውን ሰው ቋጠሮ ይቆርጣል።